ከለቅሶው ሜዳ የተመለሰው ላፕቶፕ

ላፕቶፑን በገዛ እጄ ነው የሰጠሁት። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው፤ ወደ ኋላ ካቆየሁት ሌላ ሰው የወሰደው አስመስዬ ልጽፈው እችላለሁና።

ባለቤቴ የሞተው በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከጠዋቱ ሰልፍ በኋላ ወደ ክፍል ሲሄድ ነው። ልቡ ነው አሉ። የፊዚክስ መምህር ነበር። እኔ እዚሁ ጎንደር በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ። የደወሉልኝ ጊዜ አንድ ፋይል ከመደርደሪያ እያወረድኩ ነበር፤ ፋይሉን መልሼ ቦታው ካስቀመጥኩ በኋላ ነው የወጣሁት። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የቀበርነው በተወለደበት ደብር፣ ከኮሶዬ መንገድ አንድ ሰዓት ሽቅብ በእግር በሚወጣበት አገር፣ አባቱ አጠገብ ነው። በዚያ አገር ሰው ሲሞት ዕቃው ለቅሶ ሜዳ ይወጣል። ጠመንጃ የነበረው ጠመንጃው፣ በቅሎ የነበረው በቅሎው ከነኮርቻዋ ትዞራለች። ሟቹ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ዕቃው ይመሰክርለታል። ታላቅ ወንድሙ፣ እኔ «አያ» የምለው፣ የተከማቸውን ሻንጣ እያየ ወደኔ መጣ።

«እታለም፣ ምን ይዘን እንውጣ? ወንድሜ መሣሪያ የለው» አለኝ።

ኮቱን አሳየሁት። የተመረቀ ዕለት በጋዋን የተነሣውን ፎቶ አሳየሁት።

«ኮትማ ማንም አለው።»

ያን ጊዜ ነው ላፕቶፑን ከነጥቁር ቦርሳው ያወጣሁለት። «ይሄ ነው መሣሪያው» አልኩት።

አያ ቦርሳውን እንደ ጠመንጃ በትከሻው አነገተው። ሜዳው ላይ ሲደርስ ላፕቶፑን አውጥቶ፣ ከፍቶ፣ በሁለት እጁ ወደ ላይ አንሥቶ ዞረ። ሙሾ የምታወርደው ሴት ምን እንደሆነ አላወቀችም። አጠገቧ ያለው ሰው በጆሮዋ አንድ ነገር ነገራት። ከዚያ እንዲህ አለች፦

ጠመንጃም የለው ፈረስም የለው፣
ሰማይ ነው እርሻው በጣት የሚያርሰው።

ሕዝቡ ደረቱን መታ። እኔም ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። ማልቀሴ አያሳፍረኝም። የሚያሳፍረኝ እያለቀስኩ ኩራት የተሰማኝ መሆኑ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ወንድሞቹ «ደመወዙ አንድ በሬ አይገዛም» እያሉ ሲቀልዱበት ኖረዋል።

ሣልስቱን አውጥተን ስንመለስ ላፕቶፑ በአያ ቤት ምሰሶ ላይ፣ የአባታቸው ጠመንጃ ይንጠለጠልበት በነበረው ችካል ላይ ተሰቅሎ ቀረ። አየሁት። ትቼው ሄድኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ሦስት ተማሪዎች ከነዩኒፎርማቸው ቤቴ መጡ። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ናቸው። ምንጣፉ ላይ ያለውን ፍራሽ ትተው ደረቅ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ባለቤቴ ለአንድ የጠፈር ውድድር ያዘጋጃቸው የነበሩ ናቸው። ስለ ውድድሩ ሲያወራ እሰማ ነበር፤ ግን እንደ ሚስት ነው የሰማሁት፣ ሽንኩርት እየላጥኩ። ያን ቀን ግን ተማሪዎቹ እንደ አዲስ ነገሩኝ። ከብዙ አገር የተመዘገቡ ተማሪዎች በጠፈር ላይ ላለች ትንሽ ሳተላይት ትእዛዝ ይጽፋሉ። ከፊቷ የተበላሸች ሌላ ሳተላይት እየተንከባለለች ትሄዳለች። ትንሿ ሳይጋጩ ቀርባ መያዝ አለባት። ወደ ጠፈር የሚሄድ ማንም የለም፤ ትእዛዙ ይላካል፣ አዘጋጆቹ በኮምፒውተራቸው ላይ አንድ ጊዜ ያስኬዱታል፣ የሆነው ይሆናል።

«እንዴት ነው የሚንከባለልን ነገር የምትይዘው?» አልኳቸው፤ ዝም ከማለት ብዬ።

ከሦስቱ ብዙ የምታወራው የአሥራ ሁለተኛ ክፍሏ ልጅ ናት። «አይሮጡበትም እትዬ» አለች። «እሱ በሚዞርበት ፍጥነት አብረውት ይዞራሉ። ያኔ የቆመ ይመስላል። ከዚያ ቀስ ብለው ይቀርባሉ።»

«ነዳጅም እንዳያልቅ» አለ ወንዱ። «ነዳጅ የምቆጥረው እኔ ነኝ። ቲቸር ‹ስስታሙ› ነበር የሚለኝ።»

«ስስታም ነው ደግሞ» አለች ሁለተኛዋ ልጅ። «ማስቲካ ገምሶ ነው የሚሰጠን።»

ሊስቁ ሲሉ ጥቁር ልብሴንና የተቆረጠውን ጸጉሬን አይተው ተዉት።

ከዚያ የመጡበትን ነገሩኝ። ሥራቸው ያለው በባለቤቴ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች በቫይረስ ሁለት ጊዜ ሥራቸውን ስላጠፉባቸው ባለቤቴ ከጥምቀት ወዲህ ፍላሽ ወደ ላፕቶፑ እንዲገባ አይፈቅድም ነበር። ኢንተርኔት ደግሞ በከተማችን ለወራት አንድ ቀን መጥቶ ሁለት ቀን የሚጠፋ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሏ ልጅ ከጥምቀት በፊት የገለበጠችው አሮጌ ቅጂ አላት፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሁሉንም እንደ አዲስ ሠርተውታል። መላኪያው የሚዘጋው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው።

እኔ በመዝገብ ቤት አንድን ወረቀት በሁለት ቅጂ ካልመጣ አልቀበልም። ባለጉዳይ ይሰድበኛል፤ ቢሆንም አልቀበልም። የባሌ የሁለት ዓመት ሥራ ግን በአንድ ቅጂ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል።

በማግሥቱ ነጠላዬን ለብሼ ስወጣ ጎረቤቴ ከበሯ ላይ አየችኝ። «ምነው፣ አርባው ሳይወጣ ወዴት ነው?»

«ባሌ ዘንድ» አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም።

ልጅቷ ከኔ ጋር እንድትሄድ ተስማምተን ነበር። ቤቷ ወለቃ ስለሆነ ሚኒባሱ እዚያ ቆሞ አሳፈራት። እናቷ መንገድ ዳር ጀበናና ድስት ደርድራ ትሸጣለች። ዕቃዋን ጥላ ወደ መስኮቴ መጣች።

«እግዜር ያጽናሽ እቴ። ሐዘኑን ከልብሽ ያውጣልሽ።» እጄን ይዛ ቆየች። «ይቺ ልጅ ዘንድሮ ካመለጣት ለከርሞ አይቀበሉሽም ብለዋታል አሉ፤ ትምህርት ቤት ጨርሳ ስለምትወጣ። እውነት ነው?»

«እማዬ፣ በቃ!» አለች ልጅቷ።

«ምነው ብጠይቅ? እንቅልፍሽ ውስጥ ሳይቀር ነው ቀኑን የምትቆጥሪው።»

እናትየዋን «እውነት ነው» አልኳት። «እናመጣዋለን» ብዬም ጨመርኩ። ያን ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ።

አያ ቤት ስንደርስ ጾም ስለነበር ከቅዳሴ አልተመለሰም ነበር። ላፕቶፑ እዚያው ምሰሶው ላይ ነው፤ ነጭ ነጠላ አልብሰውታል። ልጅቷ እንዳየችው ከተቀመጠችበት ተነሥታ ቆመች፤ አልነካችውም። አያ ሲመጣ ጉዳዬን ቶሎ ነገርኩት። መቸኮሌ ነው ያበላሸው። እንዴት አደርክ እንኳ በወጉ አላልኩም።

«አርባው ሳይወጣ ከቤት አይወጣም» አለ። «ወንድሜ ሲወጣ ያየነው በቃን።»

«ልንወስደው አይደለም አያ። የልጆቹን ሥራ ልንገለብጥ ነው።»

«ገልብጣችሁ ስትሄዱ ታዲያ ለሱ ምን ይቀርለታል?»

ልጅቷ ቀስ ብላ «አያ፣ ደብተራ ዳዊት ሲገለብጥ ከመጀመሪያው ዳዊት ላይ ፊደል ይጎድላል?» አለች።

አያ ዞሮ አያት። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። «አፏ ሸጋ ነው» አለ። ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር መጣ፤ ባትሪው ሞቷል፣ መንደሩ መብራት የለውም፣ መብራት ያለው ታች ኮሶዬ መንገድ ላይ ነው። አያ ምሰሶው ሥር ተቀመጠ። እኔም አልጎተጎትኩትም፤ ስለ ወንድሙ የልጅነት ነገር አንሥቶ እስኪያወራ አብሬው ተቀመጥኩ። ሚስቱ የተቀቀለ ድንች በጨው አቀረበችልን። በልተን ስንጨርስ ተነሣና ነጠላውን ገፈፈ፣ ቦርሳውን በትከሻው አነገተ።

«እኔ ከያዝኩት ከቤት ወጣ አይባልም» አለ።

ኮሶዬ ላይ አንድ ምግብ ቤት ገባን። ሾፌሮች ስልካቸውን የሚሰኩበት ግድግዳ ሥር ወንበር ስበን ተቀመጥን። ባለቤቲቱ ቦርሳውንም አያንም አይታ፣ «ምነው ደግሞ፣ ፎቶ ቤት ልትከፍቱ ነው?» አለች። ልጅቷ ቻርጀሩን ሰካች። ከፍታ ሥራው ይኖር እንደሆነ አየች። ነበር። ወደ ፍላሿ ስትገለብጥ የፋይሎቹ ስም አንድ በአንድ ሲያልፍ አየሁ። ስለኔ አንድ ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ነበር የማየው። ሁሉም ስለ ነዳጅ፣ ስለ መዞር፣ ስለ ርቀት ነበር።

«አንዴ ላስኪደው?» አለች። ውድድሩ የሰጣቸው የመለማመጃ ፕሮግራም እዚያው ላፕቶፑ ላይ አለ። ጥቁር ሰማይ ወጣ፤ አንዲት የምትንከባለል ሣጥን፣ ወደሷ የምትሄድ ትንሽ ሣጥን። ሁለት ሾፌሮች ሽሯቸውን ትተው ከኋላችን ቆሙ። ትንሿ ቀረበች፣ መዞር ጀመረች፣ ከዚያ ሄዳ ተጋጨች። ማያው ቀላ።

«ምን ሆነች?» አለ አያ።

«ተጋጨች።»

«የወንድሜ ናት የተጋጨችው?»

ልጅቷ ፊቷ ተለወጠ። እንደገና አስኬደችው። እንደገና ተጋጨች። ከሾፌሮቹ አንዱ «እንደኛ ረዳት ፍሬን ረስታ ነው» አለ፤ አያ ዞሮ አየው። ልጅቷ ሦስተኛ ጊዜ አስኬደችው። ያን ጊዜ ትንሿ ሣጥን ፈጥና ገባች፣ ከትልቋ ጋር አብራ ዞረች፣ እንደ ልጅ በጀርባዋ ተለጠፈች። ማያው አረንጓዴ ሆነ። ባለቤቲቱ ሳታስበው እልል አለች። ሾፌሮቹ አጨበጨቡ። አያ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ፤ «ወንድሜ! ወንድሜ!» እያለ እንባው ወረደ።

ልጅቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «እትዬ፣ የመጨረሻውን ክፍል ቲቸር አልጨረሰውም። ፈጣን ነው፣ ነጥቡም ብዙ ነው፣ ግን አንዳንዴ ብቻ ነው የሚይዝለት። እኔ ሌላ ጽፌያለሁ። ዘገምተኛ ነው፤ ግን አይጋጭም። የሱን አውጥቼ የኔን ልተካ?»

አያ ከፊቴ ቆሞ ያለቅሳል። ጆሮዬ ላይ የሙሾዋ ግጥም አለ። ልጅቷ የጠየቀችኝ ስለ ሳተላይት ነበር፤ እኔ የሰማሁት ግን ባልሽን ልደምስሰው የሚል ነው።

«የሱን ተይው» አልኳት። «የጀመረው ነው።»

«እሺ እትዬ» አለች።

አልተከራከረችም። ስንት ጊዜ ተመኘሁ፣ ያን ዕለት ብትከራከረኝ። ግን ጸጉሯን የተቆረጠች፣ ጥቁር የለበሰች፣ የመምህሯ ሚስት ናት ያዘዘቻት። የኛ ልጆች ለእንዲህ ያለ ሰው «እሺ» እንጂ ሌላ መልስ አልተማሩም። ሌላ መልስ ካላስተማሯቸውም አንዷ እኔ ነኝ።

አያ ላፕቶፑን ይዞ ሽቅብ ተመለሰ፤ እኛ በፍላሹ ወደ ጎንደር ወረድን። በማግሥቱ ኢንተርኔት መጥቶ ስለነበር ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ላኩት። ሳይዘጋ ደረሰ። ልጅቷ ደውላ ስትነግረኝ ድምፅዋ ደስታ አልነበረበትም፤ እኔ ግን ደስታ ነው ብዬ ሰማሁት።

ውጤቱ የመጣው አርባው ሊወጣ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ሦስቱም በስልክ ይዘውልኝ መጡ። አዘጋጆቹ የላኩት ቪዲዮ ነበር፤ የዚያው ዓይነት ጥቁር ሰማይ፣ ሁለት ሣጥኖች። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ስላየሁት የት ላይ እንደሚለይ አውቄያለሁ። ትንሿ ፈጥና ገባች። ተጋጨች። ከታች በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ማንም አልተረጎመልኝም፤ አላስፈለገኝምም።

«ነዳጁ ግን ተርፎ ነበር» አለ ስስታሙ።

ልጅቷ ሣቀች። ሣቋ ሳያልቅ ፊቷን በሹራቧ እጅጌ ሸፈነች። ትከሻዋን ልይዛት ስል ቀና አለችና፣ «ምንም አይደለም እትዬ» አለችኝ። በዚያ ሰሞን ብዙ የሐዘን ቃል ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ የከበደኝ የለም። እኔ ላጽናናት ሲገባኝ እሷ ነበረች የምታጽናናኝ።

በአርባው ዕለት አያ ቤት፣ ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ ካህናቱም ዘመዱም በዳስ ተቀምጠው ሲበሉ፣ ልጅቷ ሳትጠራ መጥታ ከሴቶቹ ጋር ሰሐን ታጥብ ነበር። አያ ላፕቶፑን ከምሰሶው አውርዶ ወደኔ አመጣው።

«አርባው ወጣ። አሁን ውሰጂው። የወንድሜ ነገር እንዴት ሆነ? አሸነፈ?»

ዙሪያው ሰው ነው። «ቆይ ኋላ እነግርሃለሁ» ማለት እችል ነበር።

«ተጋጨ አያ» አልኩት። «ልጅቱ የማይጋጭ ነበራት። እተካዋለሁ ስትል የከለከልኳት እኔ ነኝ።»

አያ ልጅቷን ከሩቅ አያት። እጇ እስከ ክንዷ አረፋ ውስጥ ነበር። «እኔን አይተሽ ነው?» አለኝ።

«አንተንም። ራሴንም።»

«ምነው እታለም» አለ። «ምነው ለሞተው ስንል።» አልጨረሰውም።

ሰው ሲበተን ሦስታችን እንደገና ኮሶዬ ወረድን። እዚያው ግድግዳ ሥር ተቀመጥን። አያ ልጅቷን «ያንቺን አሳዪኝ» አላት። ከፍላሿ አውጥታ፣ የባለቤቴን የመጨረሻ ክፍል ከፊታችን መርጣ አጠፋችው። ጣቷን ከመጫኗ በፊት አየችኝ፤ በራሴ ነቀነቅሁላት። የሷን ተካች።

ዘገምተኛ ነው ያለችው እውነቷን ነው። ትንሿ ሣጥን ቀረበች፣ ቆመች፣ ትንሽ ዞረች፣ እንደገና ቆመች። ባለቤቲቱ ያቀረበችልን ሻይ ቀዘቀዘ። ከኋላችን ቆመው የነበሩት ሾፌሮች ሰልችቷቸው ሄዱ። መጨረሻ ላይ፣ መቼ እንደሆነ እንኳ ሳይታወቀን፣ ሁለቱ ሣጥኖች አንድ ላይ ይዞሩ ነበር። ማያው አረንጓዴ ሆነ። እልልም የለ፣ ጭብጨባም የለ።

«ድገሚው» አላት አያ።

ደገመችው። ያዘች። አራት ጊዜ አስደገማት፤ አራቱንም ጊዜ ያዘች።

«ሁሌም እንዲህ ነው?»

«ሁሌም ነው አያ።»

አያ ላፕቶፑን ዘግቶ ወደ ቦርሳው ከተተው። ማንገቻውን ይዞ ትንሽ ቆየና፣ ወደኔ ሳይሆን ወደ ልጅቷ ትከሻ አደረገው። «እቤት ስትደርሺ ስቀይው አላልኩሽም» አላት። «ሥሪበት።» ከዚያ እኔን ሳያይ ወጥቶ ሽቅቡን ጀመረ። እሷም አመሰግናለሁ ለማለት ከኋላው ሁለት ጊዜ «አያ! አያ!» አለች፤ አልዞረም።

በመመለሻችን ሚኒባሱ ውስጥ ቦርሳውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛው ነበር። ስለ ውድድሩ ምንም አላነሣንም። ለከርሞ እሷ የለችም፤ ሌሎቹ ሁለቱ ይኖራሉ፤ ኮዱን ታስተምራቸው ይሆናል። የሷ ስም ግን አይገባም። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን።

ወለቃ ስንደርስ ወረደች። እናቷ ድስቶቿ መካከል ተቀምጣ ነበር። ልጇ ቦርሳውን አንግታ ወደሷ ስትሄድ አየቻት፣ ከዚያ እኔን በመስኮቱ አየችኝ። እጄን አነሣሁላት፤ ልጇን ምን እንደከለከልኳት ሳትሰማ አልቀረችም። ያን ጊዜ እግዜር ያጽናሽ ልትለኝ ዕቃዋን ጥላ የመጣችው ሴት አሁን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። አንድ ድስት አንሥታ አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ መጥረግ ጀመረች። ሚኒባሱ እስኪሄድ ያንኑ ድስት ትጠርግ ነበር።